የጋሼ መኪና የኋላ ግራ በር

ዳልጮ፦ [ደረቱን ነፍቶ፣ ድምፁን አወፍሮ] «ጌታው፣ እኔ እዚህ የተቀመጥኩት መኪና እንዳይሰረቅ ነው። ተሰርቋል? አልተሰረቀም። እንዳይነካ ከፈለጋችሁ ቤታችሁ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፉበት።» እንዲህ ብሎኝ ወንበሩን ወደ ጥላው አዞረ።

ጸሐዬ፦ አንተስ ምን አልከው?

ዳልጮ፦ አመሰገንኩት።

ጸሐዬ፦ ስለ ምኑ?

ዳልጮ፦ ጌታው ብሎኛላ። ቢጠና ውስጥ እንዲህ የሚለኝ የለም።

ጸሐዬ፦ ጥበቃውን ጠይቅ ብዬ ብልክህ ተሹመህ መጣህ።

[ሶዶ፣ ኦቶና። ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት ያለ የመኪና ማቆሚያ ሜዳ። ጊፋታ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ሊገባ ነው፤ መንገዱ ሁሉ በበሬና በቅቤ ጫኝ ተጨናንቋል። ጸሐዬ ክራቫት ያሰረ የቢሮ ሰው ነው። ዳልጮ ደግሞ ከቢጠና ለበዓሉ የመጣ፣ ሶዶም ቤት ያለው ነጋዴ። ሁለቱ ያገቡት እህትማማቾችን ነው። በመካከላቸው የሚስቶቻቸው ታላቅ ወንድም፣ «ጋሼ» የሚሉት የሀብተሚካኤል ነጭ ኮሮላ ቆማለች። የኋላ ግራ በሯ መዳፍ የሚያክል ቦታ ሰርጉዷል። ስርጉዱ ላይ አረንጓዴ ጭረት አለ።]

ጸሐዬ፦ ዳልጮ፣ አሁን ረጋ ብለን በመርህ ደረጃ እንነጋገር። ይሄ በር የተመታው እኛ ሆስፒታሉ ውስጥ ሆነን ነው። ማን መታው? ከጎናችን የቆመ። ከጎናችን የቆመው ምንድነው?

ዳልጮ፦ ሰማያዊ ባጃጅ።

ጸሐዬ፦ ጭረቱስ?

ዳልጮ፦ አረንጓዴ።

ጸሐዬ፦ ስለዚህ?

ዳልጮ፦ ባጃጁ ቀለም ቀይሯል?

ጸሐዬ፦ ስለዚህ ከባጃጁ በፊት ሌላ መኪና ነበር። አረንጓዴ። እኛ ሽማግሌያችንን ጋሽ ገብረማርያምን ከአልጋ አልጋ ስንፈልግ መጥቷል፣ ገጭቷል፣ ሄዷል። ፒክአፕ ነው። ከቦታው ከፍታ እንደምረዳው ሹፌሩ አጭር ሰው ነው፤ ያውም የቸኮለ።

ዳልጮ፦ መቸኮሉንም በሩ ላይ ጽፎታል?

ጸሐዬ፦ ልምድ ነው። ስብሰባ ላይ ሰውን የማየው እንዲሁ ነው። ና እስቲ፣ ቀለሙን እናመሳስል። [የዳልጮን እጅ ይዞ አውራ ጣቱን ጭረቱ ላይ ያስጠጋል] አየህ? ጥፍርህ ውስጥ ያለው ቀለም ልክ እንደዚህ ነው። ቁርጥ እሱን። ይሄን ጣት አታጥፈው፤ እንደ ናሙና እንጠቀምበታለን።

ዳልጮ፦ ይሄማ የግቢዬ በር ቀለም ነው። ለጊፋታ ቀባሁትና...

ጸሐዬ፦ ስለ በርህ በኋላ ትነግረኛለህ። ጣትህን አቅና።

[ጸሐዬ የዳልጮን አውራ ጣት እንደ ችቦ ይዞ ከመኪና መኪና ይዞራል። ቀይ ሚኒባስ፣ ግራጫ ቪትዝ፣ አንድ ቢጫ ገልባጭ። እየጠጋ ያመሳስላል፤ ራሱን እየነቀነቀ ያልፋል። ተመልሰው ይመጣሉ።]

ዳልጮ፦ ክንዴ ዛለ።

ጸሐዬ፦ የለም። አምልጧል።

ዳልጮ፦ ጸሐዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ? ጠዋት ስንወስዳት ግን በሩ ደህና ነበር?

ጸሐዬ፦ [ዞር ብሎ ያየዋል] እኔ ነኝ እንዴ የጋሼን መኪና ስቀበል ዞሬ የማየው?

ዳልጮ፦ እኔማ የጠየቅኩት...

ጸሐዬ፦ አማቼ እጃቸውን ዘርግተው ቁልፍ ሲሰጡኝ እኔ ጎንበስ ብዬ ጎማ ልመርምር? በሩን ልዳብስ? «ጋሼ፣ ይቺ ጭረት የእርስዎ ናት ወይስ የኔ?» ልበል? ዓይኔን መሬት ተክዬ፣ በሁለት እጄ ተቀብዬ፣ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ሄጄ ነው የገባሁባት። በየትኛው በር እንደገባሁ እንኳ አላውቅም።

ዳልጮ፦ በኔ በኩል ነው የገባኸው። ጭኔ ላይ ተቀምጠህ ነበር።

ጸሐዬ፦ እሱ አክብሮት ነው። አንተ ራስህ ስትዋስ ዞረህ ታያለህ?

ዳልጮ፦ አላይም። ስመልስም ጋሼ ዞረው አያዩም። ያፍራሉ።

ጸሐዬ፦ በቃ። እንኳን እኔ አንተም ይገባሃል።

[ጸሐዬ መኪናዋ ላይ ይደገፋል፤ ወዲያው ደንግጦ ይነሳል፤ የተደገፈበትን በክራቫቱ ይወለውላል።]

ጸሐዬ፦ ሌላ ቀን ቢሆን ግድ አልነበረኝም። ዛሬ ግን ይቺ መኪና መኪና ብቻ አይደለችም። ሰብለ ከጳጉሜን ጀምሮ ወንድሟ ቤት ናት። ጋሼ ራሳቸው ናቸው ቁልፉን የሰጡኝ። ጋሽ ገብረማርያም የታመመ ዘመዳቸውን ጠይቀው ሲወጡ ይዤያቸው ልምጣ፣ ያስታርቁን፣ ከሚስቴ ጋር ቤቴ ልግባ ብዬ ነው። ሽማግሌ ላመጣ ሄጄ በር ሰብሬ ስመለስ ታየኛለህ?

ዳልጮ፦ በሩ አልተሰበረም፤ ሰረጎደ እንጂ።

ጸሐዬ፦ ጋሼ ዘንድ ሰረጎደ የሚባል ነገር የለም። ጊፋታን በኩርፊያ ብሻገር ሰፈር ውስጥ ምን እንደሚሉኝ አስበው። የቢሮ ጠባቂያችን እንኳ ትናንት «ጊፋታ ደረሰ እኮ» አለኝ። ምን ማለቱ ነው?

ዳልጮ፦ ጊፋታ ደርሷል ማለቱ ነው።

ጸሐዬ፦ ነገር አለው።

ዳልጮ፦ እንግዲያው ለጋሼ እንንገራቸው። እኔ እደውልና «ጋሼ፣ የኋላ ግራ በሩ...» ብዬ...

ጸሐዬ፦ ዝም በል። ሦስት መንገድ አለን፤ ሦስቱም ሕጋዊ ናቸው። አንደኛ ኢንሹራንስ። ኢንሹራንስ ግን ማን ገጨ ይላል። አረንጓዴ፣ አጭር ሹፌር ብትለው አይቀበልም። ሁለተኛ ትራፊክ መጥራት። ትራፊክ ደግሞ መጀመሪያ ባለንብረቱን ጥሩልኝ ነው የሚለው። ባለንብረቱ ማን ናቸው?

ዳልጮ፦ ጋሼ።

ጸሐዬ፦ ስለዚህ ሦስተኛው ይቀራል። ማንም ሳይሰማ እዚሁ ማስጠገን። ደገፉ አለ አይደል፣ ላሜራ ሠሪው? የቢጠና ልጅ ነው፤ አንተን ያውቅሃል። ደውልለት። የኔ ስልክ ባትሪው አልቋል።

[ዳልጮ ራቅ ብሎ ይደውላል። ያዳምጣል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ተመልሶ ይመጣል።]

ጸሐዬ፦ ምን አለ?

ዳልጮ፦ [በአንድ ትንፋሽ፣ አፍንጫው ውስጥ እየተናገረ] «በር ከሆነ ላሜራ ነው፣ ላሜራ ከሆነ ስቱኮ ነው፣ ስቱኮ ከሆነ ቀለም ነው፣ ቀለም ከሆነ ፀሐይ ይፈልጋል፣ ፀሐይ ከሆነ ከጊፋታ በኋላ ና።» ብሎ ዘጋው።

ጸሐዬ፦ የጋሼ ሀብተሚካኤል መኪና ነች አላልከውም?

ዳልጮ፦ አልጠየቀኝም።

ጸሐዬ፦ ሳትጠየቅ መናገር አታውቅም?

ዳልጮ፦ ስናገር ዝም በል ትላለህ።

ጸሐዬ፦ ዝም ብለህ ደውል።

[ዳልጮ እንደገና ይደውላል። በዚህኛው ሲያዳምጥ ፈገግ ይላል።]

ዳልጮ፦ መጣ። ጋሼ ሀብተሚካኤል ስለው ድምፁ ወረደ። ባለፈው የፊት መብራት ሊያሠሩ ሄደው ነበር አሉ። ጠዋት ነው የገቡት። ዋጋ ሲከራከሩ ሻይ ቀረበ፣ ጠጡ። ሲከራከሩ ምሳ ቀረበ፣ በሉ። አመሻሽ ላይ ደገፉ ራሱ የታክሲ ከፍሎ ሸኛቸው። [በአፍንጫው] «እሳቸው ሳይሰሙ መጥቼ፣ ሠርቼ ልጥፋ። ጸሐዬ ግን በፊት ይክፈል።»

[ከጥቂት ጊዜ በኋላ። ደገፉ በሞተር ብስክሌት ደርሷል። ከጎረቤት ሻይ ቤት የፈላ ውኃ በጀበና አስመጥቶ፣ ቱቦ መክፈቻ የሚመስል የጎማ መምጠጫ አውጥቷል። ሥራውን በጀርባው ደብቆ ይሠራል፤ ከእንግዲህ የሚታየው ጀርባው ብቻ ነው። ክፍያውን ለመቀበል ግን እጁን ወደ ኋላ ዘርግቷል። ጸሐዬ ከኮቱ ውስጠኛ ኪስ የታጠፈ ፖስታ ያወጣል።]

ዳልጮ፦ ጸሐዬ፣ ይሄ እኮ የበሬው መዋጮ ነው። ዓመቱን ሙሉ ያስቀመጥከው።

ጸሐዬ፦ አውቃለሁ።

ዳልጮ፦ ቅርጫው ነገ ነው። ሳትከፍል አይመድቡህም። ሰብለ ሥጋ የሌለበት ቤት ገብታ ጊፋታን ልታከብር ነው?

ጸሐዬ፦ [ፖስታውን ደገፉ እጅ ላይ ያስቀምጣል] በመጀመሪያ ትግባ።

[ዳልጮ አንድ ነገር ሊናገር አፉን ይከፍታል። ይተወዋል። ደግሞ ይከፍታል።]

ዳልጮ፦ ወንድሜ፣ ሳትከፍል በፊት አንድ ነገር...

ጸሐዬ፦ ከፍያለሁ። ያለቀ ነገር አታንሳብኝ። ይልቅ ጊዜ አለን፤ ተዘጋጅተን እንግባ። ስልክህን አውጣ። ለቤተሰብ የሚላክ መግለጫ እንጽፋለን። አንተ ጻፍ፣ እኔ እናገራለሁ። ሁሉንም ጻፍ። ኋላ የሚያምረውን መርጠን እንልካለን።

ዳልጮ፦ የት ልጻፈው?

ጸሐዬ፦ ቴሌግራም ላይ የቤተሰቡ ግሩፕ አለ አይደል? እዛ ላይ።

ዳልጮ፦ ጋሼም፣ ሰብለም፣ የኔዋም ያሉበት?

ጸሐዬ፦ ሌላ ቤተሰብ አለን?

ዳልጮ፦ የሚያስቀምጠው የቱ ጋ ነው ግን? ሳይልክ የሚያስቀምጠው?

ጸሐዬ፦ ዳልጮ፣ ጻፍ አልኩህ። ስልክ ላስተምርህ አይደለም ኦቶና የመጣሁት። ከዚያ በፊት ደግሞ ልምምድ እናድርግ። አንተ ጋሼን ሁን። ሰው ማስመሰል ታውቅበታለህ።

ዳልጮ፦ እየጻፍኩ?

ጸሐዬ፦ አፍህ ሌላ፣ እጅህ ሌላ ነው።

[ዳልጮ የመኪናውን ቁልፍ ጣቱ ላይ ያሽከረክራል፤ ሆዱን ያወጣል፤ እንደ ሀብተሚካኤል በጉሮሮው ሁለት ጊዜ ይስላል። በሌላ እጁ እየጻፈ ነው። ጸሐዬ ሳያስበው ክራቫቱን ያስተካክላል፤ ዓይኑን መሬት ይተክላል።]

ዳልጮ፦ «እህም። እህም። ጸሐዬ፣ መኪናዬ ደህና ናት?»

ጸሐዬ፦ ደህና ናት ጋሼ።

ዳልጮ፦ «የኋላ ግራ በሯስ?»

ጸሐዬ፦ [ቀና ብሎ] ቆይ። ለምን በቀጥታ እሱን ትጠይቃለህ? ጋሼ በምን ያውቃሉ?

ዳልጮ፦ [በራሱ ድምፅ] ያውቃሉ።

ጸሐዬ፦ አያውቁም። ቀጥል።

ዳልጮ፦ «እህም። ልጄ፣ እሱ እኮ የቆየ ነው። ሳትወስዳትም ነበር። አትጨነቅ።»

ጸሐዬ፦ አቁም። አቁም። ጋሼ በሕይወታቸው ሰውን አትጨነቅ ብለው ያውቃሉ? ድምፁን አሳምረኸዋል፤ ንግግሩን ግን አበላሸኸው። እሳቸውን ሆነህ ተናገር እንጂ።

ዳልጮ፦ «እንግዲያው የጥገናውን ማን ከፈለ?»

ጸሐዬ፦ አሁን እሳቸውን ሆንክ። እኔ ነኝ ጋሼ የከፈልኩት። ከበሬዬ ላይ።

ዳልጮ፦ «ደረሰኝ አለህ?»

ጸሐዬ፦ [ወደ ኋላ እየሸሸ] ዳልጮ፣ በጣም አትሁናቸው።

ዳልጮ፦ «ሰብለን ለምን አስከፋሃት?»

ጸሐዬ፦ እሱ... በቅቤ ነው የተነሳው ጋሼ። እርስዎ ቤት ቅቤ ልትቀበል ሄዳ አነስ ያለ ይዛ መጣች። እኔ እንደ ቀልድ «ወንድምሽ ቅቤ ሰጥተው ሲያበቁ ማንኪያውን ይልሳሉ» አልኳት። ቀልድ ነበር።

ዳልጮ፦ [እየጻፈ፣ በራሱ ድምፅ] ማንኪያውን... ይልሳሉ። በሁለት ለ ነው በአንድ?

ጸሐዬ፦ እሱን አትጻፈው። ማለቴ ጻፈውና ኋላ እናወጣዋለን።

ዳልጮ፦ [መልሶ እንደ ሀብተሚካኤል] «ከዛስ?»

ጸሐዬ፦ ከዛማ ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን አስረዳኋት። ለምን እውነት እንደሆነ ከምሳሌ ጋር አስረዳኋት። ማንኪያ አምጥቼ አሳየኋት። በማግስቱ ስነቃ የለችም።

[ዳልጮ ቁልፉን ማሽከርከር ያቆማል። ደገፉ ከጀርባቸው መምጠጫውን ሲስበው «ጷ» የሚል ድምፅ ይሰማል።]

ዳልጮ፦ «አሁን ቤትህ እንዴት ነው?»

ጸሐዬ፦ ደህና ነው ጋሼ።

ዳልጮ፦ «እህም።»

ጸሐዬ፦ ደህና አይደለም። ምሳዬን ሻይ ቤት ነው የምበላው። ሰው ሲጠይቀኝ ሰብለ ቤሌ ከተማ አክስቷ ጋ ሄዳለች እላለሁ። ደግሞ... ይሄን ለማንም አልተናገርኩም። ነጠላ ጫማዋን ጥላው ነው የሄደችው። ሁልጊዜ ጠዋት ስወጣ በረንዳው ላይ አወጣዋለሁ። ማታ ስገባ አስገባዋለሁ። ጎረቤት ቤት ውስጥ አለች ብሎ እንዲያስብ። ትናንት ዘነበ። ከቢሮ ስብሰባ አቋርጬ ሮጬ አስገባሁት። ከዛ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ ጫማውን ይዤ... ይቅርታዋን የምለምንበትን ንግግር ጀመርኩ። ለጫማው።

ዳልጮ፦ [በራሱ ድምፅ፣ ዝቅ አድርጎ] ምን አልከው?

ጸሐዬ፦ አስረዳሁት። ደግሜ አስረዳሁት። ማስረዳት እንጂ ይቅርታ ማለት አላውቅበትም። አሁንም ጋሽ ገብረማርያም ፊት ስቆም ማስረዳት እንዳልጀምር ነው የምፈራው።

ዳልጮ፦ [እየጻፈ] ...እንዳልጀምር... ነው የምፈራው። ነጥብ።

[ደገፉ ሞተሩን አስነስቶ በእጁ ሰላምታ ብቻ ሰጥቶ ይሄዳል። በሩ ቀጥ ብሏል፤ አረንጓዴው ጭረት በቤንዚን ተጠርጎ ጠፍቷል። ጸሐዬ ዞሮ ያየዋል፤ መስኮቱ ላይ ራሱን አይቶ ፀጉሩን ያበጥራል።]

ጸሐዬ፦ ተመልከት። እንቁላል። አየህ፣ ሰው ረጋ ብሎ ካሰበ ሁሉም ነገር ፕሮሲጀር አለው። አንተ ብትሆን ሮጠህ ትናገር ነበር።

ዳልጮ፦ ሎኦ ነው። በጣም ጥሩ ሆኗል። ከበፊቱም ይሻላል።

ጸሐዬ፦ ከየትኛው በፊቱ?

[የዳልጮ ስልክ ይጮኻል። ዳልጮ አይቶ በሁለት እጁ ለጸሐዬ ያቀብላል።]

ዳልጮ፦ ጋሼ ናቸው።

ጸሐዬ፦ [ክራቫቱን ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ] አቤት ጋሼ... ደህና ነኝ ጋሼ... ጋሽ ገብረማርያም ገና አልወጡም፣ ዘመዳቸው እንቅልፍ ወስዶት... አዎ ጋሼ... መኪናዋ? መኪናዋማ... [ያዳምጣል] የትኛው በር ጋሼ?... የኋላ ግራ... እርስዎ በምን... [ቀስ ብሎ ወደ ዳልጮ ይዞራል] ራሱ ነገረዎት?... ባለፈው ቅዳሜ?... ወደ ግቢው ወደ ኋላ ሲያስገባ... የራሱ በር?... አዲስ የተቀባ... አረንጓዴ።

[ጸሐዬ የዳልጮን አውራ ጣት ያያል። ዳልጮም የራሱን አውራ ጣት ያያል፤ ከጀርባው ይደብቀዋል።]

ጸሐዬ፦ [በስልኩ] «ከጊፋታ በፊት አሠራው» ብለውት ነበር? አዎ... አዎ ተሠርቷል ጋሼ። ደገፉ ነው የሠራው... ከየት አወቁ?... ምን አነበቡ?... ሁሉንም?... ማንኪያውንም?... [ዓይኑን ይጨፍናል] ገባኝ ጋሼ። ቅቤው እንዳይባክን ነው። ትክክል ነው፤ እኔም ብሆን እልሰዋለሁ... እሺ ጋሼ። ይቅርታ ጋሼ።

[ስልኩን ያወርዳል። ሜዳው ላይ ጥበቃው ብቻ ወንበሩን ወደ እነሱ አዙሮ ተመቻችቶ ተቀምጧል።]

ጸሐዬ፦ ዳልጮ።

ዳልጮ፦ አቤት።

ጸሐዬ፦ አንተ ነህ የገጨኸው።

ዳልጮ፦ ሦስቴ ልነግርህ ነበር። መጀመሪያ ስለ ግቢዬ በር ስጀምር ጣትህን አቅና አልከኝ። ለጋሼ እንደውል ስልህ ዝም በል አልከኝ። ልትከፍል ስትል ወንድሜ ስልህ ያለቀ ነገር አታንሳ አልከኝ። ጋሼን ሆኜ ስነግርህ ደግሞ ጋሼ እንዲህ አይሉም አልከኝ። አራት ሆነ እንዴ?

ጸሐዬ፦ ጣትህን ይዤ ሜዳውን ዞርኩ። ወንጀለኛውን በእጄ ይዤ ወንጀለኛ ፈለግኩ።

ዳልጮ፦ እኔም ምን እንደምታደርግ ግራ ገብቶኝ ነበር። የተማረ ሰው ነው ብዬ ዝም አልኩ።

ጸሐዬ፦ ግሩፑስ? ለምን ላክኸው? ኋላ መርጠን እንልካለን አላልኩህም?

ዳልጮ፦ የሚያስቀምጠው የት ነው ብዬ ጠየቅኩህ። እኔ የማውቀው ጽፎ መላክ ነው። መስመር ሲሞላ እጫነዋለሁ፣ ይሄዳል። ከመጀመሪያው ጀምሮ እየሄደ ነበር። የኔዋ «ቀጥል፣ እንዳታቆም» ብላኛለች። [የሚስቱን ቀጭን ድምፅ አስመስሎ] «እባክህ ዳልጮ፣ ስለ ጫማው ያለውን እንዳትዘል።»

ጸሐዬ፦ [መኪናዋ ላይ ይደገፋል፤ በዚህኛው አይወለውልም] ጫማውንም አነበበች?

ዳልጮ፦ የኔዋ?

ጸሐዬ፦ ሰብለ፣ ዳልጮ። ሰብለ አነበበች?

[ዳልጮ ስልኩን ተቀብሎ ጣቱን እያስሄደ ያነባል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ጸሐዬ ፊቱን ወደ ሆስፒታሉ በር አዙሮ ይጠብቃል።]

ዳልጮ፦ ጽፋለች። ላንብብልህ?

ጸሐዬ፦ በራስህ ድምፅ አንብበው። እሷን አትሁን። አልችልም።

ዳልጮ፦ [በራሱ ድምፅ፣ እየተንተባተበ] «ጫማው ቀዩ ነው ሰማያዊው? ቀዩን ፀሐይ ላይ አውጥተህ ከሆነ ቆዳው ይሰነጠቃል፤ ጉድህ ነው። ዛሬ መጥቼ ራሴ አየዋለሁ። እንዳታስረዳኝ።»

[ጸሐዬ ፊቱን ወደ ዳልጮ ይመልሳል።]

ጸሐዬ፦ ደግመህ አንብበው።

ዳልጮ፦ ሁሉንም?

ጸሐዬ፦ «ዛሬ መጥቼ» የሚለውን።

ዳልጮ፦ «ዛሬ መጥቼ ራሴ አየዋለሁ።»

ጸሐዬ፦ ቀዩ ነው። [ክራቫቱን ይፈታል] ቀዩ ነው፤ ግን ጥላ ስር ነው የማወጣው። ይሄን... አይ፣ አላስረዳም። ዝም ብዬ አሳያታለሁ።

ዳልጮ፦ ስለ በሬው አትጨነቅ። የኔ ቅርጫ ለሁለት ቤት ይበቃል። ጊፋታን እኛ ጋ ትበላላችሁ፤ የሥጋ ማጥቀሻ ዳጣውን የኔዋ አዘጋጅታለች። የበሩን ዕዳ በሥጋ እከፍልሃለሁ።

ጸሐዬ፦ ትከፍላለህ። የሰባውን ጎን ነው የምወስደው። ግቢህ ስገባ ግን በእግሬ ነው የምገባው፤ መኪናዋን ውጭ አቁሜ።

ዳልጮ፦ እሺ።

[ጋሽ ገብረማርያም ከሆስፒታሉ በር ላይ ይታያሉ፤ ከዘራቸውን ወደ ነጫጭ መኪኖቹ እየጠቆሙ የቱ እንደሆነ ይፈልጋሉ። ጸሐዬ እጁን ያውለበልባል። ዳልጮ ጎንበስ ብሎ ስልኩ ላይ በአውራ ጣቱ እየነካካ ነው።]

ጸሐዬ፦ አሁን ደግሞ ምን ታደርጋለህ?

ዳልጮ፦ የኔዋ ምን ሆነ ብላ ጠየቀች። «ጸሐዬ ዓይኑን ጠረገ፣ አቧራ ነው አለ» ብዬ...

ጸሐዬ፦ አቧራ አላልኩም።

ዳልጮ፦ [እየጻፈ] «አቧራ... አላልኩም... አለ።»

ጸሐዬ፦ ዳልጮ፣ ወንድሜ፣ በቃ፣ መጻፉን ተው።